የቡርሀን መንገድ፣ ከላይ ቤት እስከ ታች ቤት

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መንገዱ ነበር። በጥቅምት ለምለም ሣር መካከል አንዲት ቀጭን ቡናማ መስመር ከአንዱ ፎቅ ደጅ ተነሥታ ወደ ሌላው ፎቅ ደጅ ትሄዳለች። ከብት የሠራት አይደለችም፤ ከብት ሲሄድ ወደ ውኃ ነው። ገበያተኛም አልሠራትም፤ ገበያተኛ ከነዚያ ቤቶች የሚርቅበትን እንጂ የሚቀርብበትን መንገድ አይፈልግም። መንገዲቱን የሠራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በባዶ እግሩና በብስጭቱ። በብስጭት የተረገጠ ሣር ቶሎ ይሞታል መሰል፣ ዝናቡ ገና መሬቱን ሳይለቅ መንገዲቱ እንደ አሮጌ ጠባሳ ጸንታ ቀረች። በዳርና በዳሯ ከሰውዬው ጋቢ የረገፈ የደንገል ልጣጭ ይታይባታል።

ሰውዬው ቡርሀን ይባላል። ታንኳ ሠሪ ነው፤ ደንገል የሚሉትን የሐይቅ ዳር ቄጠማ አጭዶ ያስራል።

ቤቶቹን ያቆማቸው ባሕር ዳርን የያዘው ጣሊያን ነው። ሁለቱም ከምድር ቤታቸው በላይ አንድ አንድ ደርብ ብቻ ነበራቸው። ነገር ግን የቀረው አገር ሁሉ የሣር ክዳን በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ከጊዮርጊስ ጉልላት በቀር አንገት ቀና የሚያስደርግ ሌላ ነገር አልነበረም። ዛሬ ሰማይ ጠቀስ የምንለውን ያን ጊዜ የባሕር ዳር ሰው በእነዚህ በሁለቱ ነበር የሚለካው። ከአንበሳሜ ለገበያ የመጣ ሰው በመካከላቸው ቆሞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እያንጋጠጠ አህያው እስክትጠፋበት ይፈዝዝ ነበር።

አንደኛው ከፍ ያለው መሬት ላይ ነው። የጦር ሹሙ ካፒታኖ ከነባንዲራው እዚያ ይቀመጣል። ሁለተኛው ሐይቁ ጫፍ ላይ፣ ከወደቡ አጠገብ ነው። ታችኛው ክፍሉ መጋዘን ሲሆን በላዩ ማሬሻሎ የሚሉት የወደቡ አዛዥ ከእንጨት ሰገነቱ ሆኖ ውኃውን ይጠብቃል። በአንዱ ፎቅ ሰው ቢያነጥስ ከሌላው ፎቅ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል፤ ያን ያህል ቅርብ ናቸው። ብቻ ካፒታኖውና ማሬሻሎው እንኳን ሊማማሩ ሰላምታም የላቸውም። በቁማር ተጣሉ የሚል አለ፤ በወይን ጠጅ ነው የሚልም አለ። እውነቱን የሚያውቅ የለም። ለቤቶቹ ስም ያወጡላቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ በደሴቱ ገዳም ቅኔ ያስተምራሉ። አንድ ቀን በመካከላቸው ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ይኸ ላይ ቤት፣ ያ ታች ቤት። እንደኛ ሊቃውንት መሆናቸው ነው፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላው አይቀበልም» አሉ። ቅኔ ቤት ያልገባው የሐይቁ ዳር እስላም እንኳ ስሙን ወደደው። ከዚያ ወዲህ ላይ ቤት ላይ ቤት ሆነ፤ ታች ቤትም ታች ቤት።

ቡርሀን በአፉ የሚታወቅ ሰው ነበር። ተሳዳቢ ወይም ውሸታም አልነበረም፤ ከዚያም ይብሳል፣ የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። በሰው ሠርግ ሽማግሌዎቹ «ሙሽራችን እንደ ዝግባ ረጅም ናት» ሲሉ፣ ከኋላ ሆኖ «የለም፣ መካከለኛ ናት» ብሎ ከዳስ ተባሯል። የሚስቱ ወንድም ዳውድ ገበያ ላይ «የዛሬ ጠዋት ዓሣ!» እያለ ሲጣራ፣ «የትናንት ነው፤ አብሬህ አልነበርሁም?» ያለውም እሱ ነው። ዳውድ ከዚያ ወዲህ ዓሣውን ከሐይቁ ርቆ መሸንቲ ድረስ ወስዶ ይሸጣል።

በአንድ ነገር ብቻ አፉን ይገታል፤ በታንኳ። አባቱ አብዱልመጂድ ደንገሉን እንዴት እንደሚያስር ከማስተማሩ በፊት ያስተማረው አንድ ነገር ነበር። «በሐይቁ ፊት ታንኳ አይሰደብም» አለው። «ጠማማ ቢሆን፣ ልል ቢሆን፣ ቢያዘነብልም ወደ ቤትህ ገብተህ ተናገር። ሐይቁ የናቅኸውን ይንቅብሃል፤ ሲንቀው ደግሞ ከነሰውየው ነው።» አባቱ ስለዚህ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ቡርሀን ይህን የሰማው ገና ጥርሱ ሳይነቀል ነው፤ ጥርሱ ተነቅሎ በቅሎ አሁን ደግሞ ሲረግፍ እንኳ ቃሉ ከሆዱ አልወጣም።

የመከራው መነሻ አዋጅ ነበር። አርበኞች ሐይቁን በታንኳ ይሻገራሉ ተባለ። የባሕር ዳር ታንኳ በሙሉ ተሰብስቦ ከታች ቤት ወደብ ይታሰር፣ ደንገል ያጨደም ይቀጣ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ታንኳውን የሚፈልግ ሰው የላይ ቤትንም የታች ቤትንም ማኅተም ያስመታና ይውሰድ ተባለ።

እንግዲህ ታንኳ እንደ ጣሊያን የብረት ጀልባ አይደለም። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ውሎ ሲመለስ ከውኃ ይወጣል፣ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይንጠባጠባል፣ ፀሐይ ይሞቃል። እንደ ሰው ነው፤ ውሎ መግባት አለበት። ወታደሮቹ ግን ጀልባ የተባለ ሁሉ ቦታው ውኃ ነው ብለው ታንኳዎቹን ከወደቡ ግንድ አስረው እዚያው ተዉአቸው። ቀንም ማታም ውኃ ውስጥ። የሌሎቹ ሰዎች ታንኳ አሮጌ ስለነበር ቶሎ ተበታተነ፤ ባለቤቶቹም እርም አሉ። የቡርሀን ግን አዲስ ነበር፤ ክልከላው ሳይመጣ ያሰረው የመጨረሻው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሲሄድ ከዳር ሆኖ ያየዋል። ሌላ እንዳይሠራ ደንገል ማጨድ ክልክል ነው።

ለዓሣ ቢሆን በቻለው ነበር። የቸገረው ልጁ ሐቢባ ናት። ሐቢባ ከዘጌ ወዲህ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ይወለዳል፤ አባት ሄዶ ያመጣታል፣ እናት ታዋልዳታለች። በየብስ መንገዱ ረግረግ ነው፤ ረግረጉ ሲያልቅ ኬላ አለ። ደርሶባት የከበደች ሴት የምትመጣው በውኃ ብቻ ነው። ወሯ ገብቷል።

ስለዚህ ቡርሀን ይመላለሳል።

«የታች ቤት ማኅተም የታለ?» ይላል ካፒታኖው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል።

«የላይ ቤቱ ይቅደም ብሎኛል» ይላል ቡርሀን።

ይህን የሚያስተረጉመው አምሐ ነው፤ ጣሊያንኛ ከሚስዮን የተማረ፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ የጎንደር ወጣት። ለሁለቱም ፎቅ ያለው አስተርጓሚ እሱ ብቻ ስለሆነ ቡርሀን በሄደ ቁጥር እሱም ይሄዳል። እሱ ግን ባለጫማ ነው፤ ብስክሌቱን ይዞ ባንዲራውን ዞሮ በሚያልፈው በጠጠሩ መንገድ ይመጣል። ባዶ እግር በጠጠሩ መንገድ አይሄድም፣ ክልክል ነው። ቡርሀን በሣሩ ይቆርጥና ቀድሞ ይደርሳል። ደጁ ላይ ቆሞ አፍ የሆነለት አምሐ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

«ዘገየህ» ይለዋል።

«ዳገት ነው፣ አያ ቡርሀን።»

«ይህ ዳገት ሰው አያዘገይም። ጎማህ ተንፍሷል።»

አምሐ ጎብጦ ጎማውን ያያል። ተንፍሷል።

ታች ቤት ማሬሻሎው ከሰገነቱ ላይ ጢሙን እየላጨ ነው። «ማኅተሜን የምመታው ያኛው ሲመታ ነው» ይላል፤ «ያኛው» ሲል ምላጩን ወደ ላይ ቤት ያቀናል። ካፒታኖው በመስኮቱ ቆሞ ሲያያቸው ከዚህ ሆኖ ይታያል።

«ያውላችሁ!» አለ ቡርሀን አንድ ቀን፣ እጁን እያወናጨፈ። «ቆሞ ያየናል እኮ! አምሐ፣ አንተ የነሱ አፍ አይደለህም? ጮኸህ ጥራው! ‹ምታ› በለው፣ ይኸኛውም ይምታ፣ እኔም ልሂድ!»

«አፍ ጌቶቹን አይጠራም፣ አያ ቡርሀን። የተባለውን ነው የሚል።»

«እንግዲያ ምን ሊያደርግልኝ ነው ይኸ አፍ?»

አምሐ በዚያች ሰዓት ፊቱ ቀላ። ብስክሌቱን ገፍቶ ሄደ።

በመንገዲቱ መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሥሩ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ለገዳሙ ዘቢብና ጧፍ ለማሻገር ፈቃድ የሚጠብቁ ናቸው። ከሳቸው በታች ተማሪዎቻቸው ቢኖሩ ኖሮ ጉባኤ ዘርግተዋል ያሰኛል፤ እንደዚያ ተመቻችተው ነው የተቀመጡት።

«ቡርሀን፣ ዛሬስ ላይ ቤት ምን አለ?»

«ታች ቤት አለ።»

«ታች ቤትስ?»

«ላይ ቤት አለ። መሪጌታ፣ እርስዎ ይቀልዳሉ። እኔ እግሬ አለቀ።»

«እኔማ ያለቀልኝ ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ቅኔ ለመማር ስዞር ከጎንጅ ቅኔ ቤት እስከ ዋሸራ የሄድሁት መንገድ እንዲህ አላደከመኝም፤ እዚያ ቢያንስ ደርሶ መቀመጥ ነበረ።» ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡ። «ከወዲያ የመጣ ዲያቆን ልጅህን ከውኃ ዳር አይቷት ነበር። ቆማ ወደዚህ ታያለች አለኝ። ወገቧን ይዛ።»

ቡርሀን ፊቱን አዞረ። ወደ ታች ቤት ሳይሆን ወደ ወደቡ በቀጥታ ወረደ። ታንኳው አፍንጫው ብቻ ቀርቶ ሆዱ ሰምጧል። አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። ይሸታል፤ ውኃ ጠጥቶ የሰነበተ ደንገል የሞተ ከብት ያህል ባይሆንም ከሞተ ዶሮ አያንስም።

የዚያን ዕለት ማሬሻሎው ራሱ ከፎቁ ወርዶ ነበር። ነጭ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደቡን ይዞራል። ከግንዱ ሲደርስ ቆመና እግሩን መሬት እየመታ አንድ ነገር ተናገረ። አምሐ ሮጦ መጣ። ዓይኑ በርቷል።

«አያ ቡርሀን፣ አላህ ሰማዎት! ‹ይህን ቆሻሻ አንሡልኝ› ነው የሚል። ለቆሻሻ ማኅተም አያስፈልግም። ባለቤቱ ‹አዎ ቆሻሻ ነው› ይበልና አሁን ይዞት ይሂድ ብሏል። በሉ፣ ይበሉ!»

የቡርሀን ልብ ዘለለ። አፉን ከፈተ። ሐይቁ ከእግሩ ሥር የወደቡን እንጨት ጠብ ጠብ እያደረገ ይልሳል። የቀኑ ነፋስ ገና አልተነሣም፤ ውኃው እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ብሏል። በዚህ ውኃ ላይ ነው ሐቢባን የሚያመጣት። በዚህ ታንኳ።

«ቆሻሻ አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ቆሻሻ አይደለም አልሁህ! ታንኳ ነው። ደህና ታንኳ ነው። በጥሩ ደንገል የታሰረ፣ ያላዘነበለ፣ ልጄን የሚያመጣልኝ ታንኳ ነው። እነሱ ናቸው ውኃ ውስጥ ያሰነበቱት። እንዲህ ብለህ ንገረው!»

አምሐ ተማጠነ፤ በዓይኑም በእጁም። ቡርሀን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፣ ለማሬሻሎው ሳይሆን ለውኃው ይመስል ነበር። ማሬሻሎው ከአምሐ አፍ የመጣውን ሰማ፣ ትከሻውን ሰበቀ። ታንኳ ከሆነማ ማኅተም ያስፈልገዋል። ወደ ሰገነቱ ወጣ።

አምሐ ጭኑን መታ። «ምን ዓይነት ሰው ነዎት! ወላዲተ አምላክን፣ በእጅዎ ገብቶ ነበር እኮ!»

«ገባኝ» አለ ቡርሀን።

«ከገባዎት ታዲያ...»

«ተወኝ።»

ማታ የሆነውን ሲያወራ ሚስቱ ራሂማ መረቡን እየጠገነች ሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማችና ወስፌውን አስቀመጠች።

«ቆሻሻ ነው ብትል ምን ትሆናለህ?»

«በውኃው ፊት ነበር፣ ራሂማ።»

«ውኃ ጆሮ የለውም! ጆሮ ያለው አላህ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንተን ችግር ያውቃል። ዘመንህን በሙሉ የማይባለውን ስትል ኖርህ። ሠርግ አበላሸህ። ወንድሜን መሸንቲ አሰደድኸው። አንድ ቀን መባል ያለበት ቃል መጣ፤ አንተ እሱን ብቻ እምቢ አልህ! ልጄ ከባዕድ ሴት እጅ ላይ ትውለድ? የታንኳህ ክብር ከልጄ ምጥ ይበልጣል?»

«ክብሩ አይደለም። እሷን ነው የምጭንበት። ሰድቤው ቢሰምጥ?»

«ሳትሰድበውም ሰምጧል!»

ቡርሀን ዓይኑን ወደ መረቡ አወረደ። ራሂማ መረቡን አነሣች። ቆይታ፣ ቁጣዋ ሳይበርድ ግን ቀስ ብላ፣ «እንግዲያ ውኃው የማይሰማበት ቦታ ሄደህ በለው። አባትህም ቢሆን ወደ ቤት ግባና ተናገር ነው ያለህ፤ አትናገር አላለህም» አለች።

ቡርሀን ቀና ብሎ አያት። ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ እንዲህ ባለ ነገር የምትቀድመው መሆኗ ዛሬም ያናድደዋል።

በማግስቱ ከታች ቤት ደጅ አምሐን አገኘው።

«እላለሁ» አለው። «ግን ሐይቁ በማይሰማበት።»

አምሐ ብስክሌቱን አቁሞ ለትንሽ ጊዜ ሰማይ ሰማይ አየ። ከዚያ ወጥቶ ለማሬሻሎው ነገረው። የነገረው ስለ ሐይቁ አይደለም፤ «ሰውየው ቃሉን ሊሰጥ ነው» ብቻ ነው ያለው። ማሬሻሎው ግን ሌሊቱን አስቦበት አድሯል። ቆሻሻ መሆኑን እሱ ብቻ ሰምቶ ቢለቀው፣ ያኛው ነገ «ታንኳ አስመለጠ» ብሎ ይከሰዋል። ስለዚህ ካፒታኖውም ይስማ።

ላይ ቤት ተሄደ። ካፒታኖው መስኮቱን ከፍቶ ነበር፤ ሐይቁ በመስኮቱ ሙሉ ይታያል፣ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ሽፋሽፍት የሌለው ዓይን።

«ይበል» አለ ካፒታኖው።

«እዚህ አይሆንም» አለ ቡርሀን።

«ለምን?»

«መስኮቱ ክፍት ነው።»

አምሐ መስኮቱን ዘጋ። ካፒታኖው ሙቀት ነው ብሎ ከፈተው። ደግሞስ አለ፣ ያኛው ሳይሰማ እኔ ብቻ ሰምቼ ነገ «ካፒታኖው ለሽፍታ ታንኳ ሰጠ» ሊል ነው? እሱም ይስማ። ታች ቤት ሄደህ እሱ ባለበት በል።

ቡርሀን ደረጃውን ወረደ። በሣሩ ሄደ። አምሐ በጠጠሩ ዞረ። ማሬሻሎው ሰገነቱ ላይ ነበር፤ ሰገነቱ እንዳለ ውኃው ላይ ተንጠልጥሏል። እዚህማ ጭራሽ አይቻልም። ካፒታኖውስ የታለ? አልመጣም፤ እሱ ወደ ታች ቤት አይወርድም። ማሬሻሎውስ ወደ ላይ ቤት ይወጣል? በሞተ ነው! እንደገና በሣሩ። እንደገና በጠጠሩ። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ቡርሀን መንገዲቱ መካከል ደርሶ ከዋርካው ሥር ቆመና፣ ወደ ላይኛው ፎቅ አየ፣ ወደ ታችኛው ፎቅ አየ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ወረወረው።

«ከእንግዲህ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድም! ወላሂ አልሄድም! ሁለት ሰማይ የሚነካ ቤት ሠርታችሁ፣ አንድ ሰው በመካከሉ አልቆ ይሙት? መጥተው እዚሁ ይስሙኝ፣ አለዚያም ይቅበሩኝ!»

አምሐ በጠጠሩ ደርሶ ሰማው። ብስክሌቱ ጎማው ጨርሶ ተንፍሶ ነበር። ላብ ቅባቱን አቅልጦ በግንባሩ ላይ አውርዶታል። ምን እንደሆነ እሱም ኋላ ሲናገር አያውቀውም ነበር፤ ብስክሌቱን ከጠጠሩ ላይ ጣለና እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች፣ ባለ በሌለ ድምፁ በጣሊያንኛ ጮኸ። አፍ ጌቶቹን ጠራ።

የላይ ቤት በር ተከፈተ፤ የታች ቤትም። ማን ይቀድማል ተብሎ እየተያዩ ሁለቱም እኩል፣ በጣም ቀስ ብለው፣ በቡርሀን መንገድ ላይ መጡ። በሣሩ ላይ ጫማ ሲረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ከዋርካው ወዲህና ወዲያ ቆሙ።

ዋርካው ትልቅ ነው፤ ግንዱ ሐይቁን ፈጽሞ ይሸፍናል። ቡርሀን ጀርባውን ወደ ግንዱ አዙሮ ቆመ። ጣቱን ምራቁ አስነክቶ ነፋሱን ለካ። የቀኑ ነፋስ ተነሥቷል፤ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ወደ መሸንቲ ነው የሚነፍሰው።

«ቆሻሻ ነው» አለ፣ በጆሮ የሚነገር ያህል ቀስ ብሎ።

«አልሰማሁም» አለ ካፒታኖው።

«ጮክ ብለው ይበሉ፣ አያ ቡርሀን።»

«ቆሻሻ ነው።»

ማሬሻሎው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። የቡርሀን አንገት ሥሮች ተገተሩ። ፊቱን ወደ መሸንቲ አቅጣጫ አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቆሻሻ ነው! ቆሻሻ፣ ቆሻሻ ነው!» ሲል ከዋርካው ላይ ወፎች ተነሡ። ዓይኑን ሲገልጥ እርጥብ ነበር። ዘመኑን በሙሉ ውሸት ያልተናገረ አፍ ነው፤ የመጀመሪያው ውሸት እንዲህ መጮኽ አለበት ብሎ ማን ያስባል?

ሁለቱ ሹማምንት ተያዩ። ለአንዲት ቅጽበት የተስማሙ መሰሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ያሳፈራቸው ይመስል ጀርባ ሰጥተው ወደየፎቃቸው ሄዱ።

መሪጌታ ከሥሩ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «እኔ ሰምቻለሁ» አሉ። «መሸንቲም ሰምቷል፤ ዳውድ አሁን ዓሣውን ጥሎ ሮጧል። ሐይቁ ግን አልሰማም። ቢያጠራጥርህ እኔ እገዝትልሃለሁ።»

«የርስዎ ግዝት ለኔ ይሠራል?»

«ለሐይቁ ይሠራል። እሱ የሁላችንም ነው።»

ቡርሀን አልሳቀም። ወደቡ ወርዶ ገመዱን ፈታ። ብቻውን ሊጎትተው ሞከረ፤ ውኃ የጠጣ ታንኳ እንደ ሬሳ ይከብዳል። አምሐ ለአፍታ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ከነጫማው ውኃ ገባ። ተባብረው አወጡት። ቡርሀን ምንም ሳይናገር በቢላዋው የበሰበሰውን የውጭ እስር እየበጠሰ ጣለ። በውስጡ ያለው ልብ ገና ነጭ ነበር፤ ሲጫኑት ውኃ ይተፋል እንጂ አይፈርስም። ታንኳው ግማሽ ሆነ። የቀረውን ወደ ዋርካው ተሸክመው አቆሙት፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርገው።

ውኃው ይፈስሳል። ፀሐዩም አልሰሰተም፣ ነፋሱም አላቆመም። አምሐ ቢሮው መግባት ነበረበት፤ አልገባም። እርጥብ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሣሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ላይ ቤት ባንድ በኩል፣ ታች ቤት በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው ደንገል። ከቆመበት ሆኖ ሲያየው የታንኳው ጫፍ ከሁለቱም ጣሪያ በላይ ደመናውን ይወጋል። እንዲህ ያለ ነገር ለካ በየቀኑ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቅ ነበር፤ እሱ ግን በጠጠሩ መንገድ ሲያልፍ አንድ ቀንም ቀና ብሎ አላየውም።

ጥላ ሲረዝም ቡርሀን እጁን በታንኳው ሆድ ላይ አሳለፈ። አልደረቀም። ግን ይንሳፈፋል።

«ዛሬውኑ ሊሄዱ ነው?» አለ አምሐ። «አያ ቡርሀን፣ ቢያድር አይሻልም?»

«ምጥ ማኅተም አይጠብቅም።»

«ሐይቁ ላይ ማኅተም የሌለው ታንኳ ቢያዩ ይተኩሳሉ እኮ።»

«ታንኳ ማን አለ?» ጋቢውን ከመሬት አንሥቶ አራገፈና ራሱ ላይ ጠመጠመ። «ሁለቱም በጆሯቸው ሰምተዋል። በቆሻሻ ላይ ጥይት የሚያባክን ሹም ካለ፣ ያኛው ይክሰሰዋ!»

አምሐ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የቡርሀንን ፊት አየ። ቡርሀን ግን አሁንም ተቆጥቶ ነበር። ታንኳውን ዘንበል አድርጎ ራሱ ላይ ተሸከመው፤ ትከሻው ጠፋ፣ ከወገብ በላይ ደንገል ብቻ ሆነ።

«አያ ቡርሀን፣» አለ አምሐ፣ «ልጅዎ ስትወልድ ይነግሩኛል? ወንድ ይሁን ሴት?»

«ትናገራለህ?»

«ለማን?»

«ለነዚህ ለሁለቱ» አለ ከደንገሉ ሥር። «እነግርሃለሁ፤ ትክክለኛውን ብቻ ግን ንገራቸው።»

ሄደ። መንገዲቱን ትቷት፣ ማንም ባልረገጠው ሣር ላይ፣ ከሁለቱም ፎቅ በሚርቀው በዳሩ በኩል፣ ሐይቁ ወደሚጠብበት ወረደ። ከታንኳው የሚንጠባጠበው ውኃ ተረከዙን ያርሰዋል። እየሄደ ከራሱ ላይ ላለው ነገር ያወራል፤ ነፋሱ ቃሉን እየቆራረጠ ወደ አምሐ ያመጣዋል። «...አባቴም ቢሆን... ቤት ገብተህ ነው ያለ... ዋርካስ ቤት አይደለም?... ታንኳ ነህ አልሁህ እኮ፣ ምን ፈለግህ?...» ብስጭቱ ገና አልበረደም። አምሐ ባዶ እግሩን ሣሩ ላይ አድርጎ ቆሞ፣ ሁለት እግር ያለው ታንኳ ወደ ውኃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከደንገሉ ጥሻ ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ ተከትሎ አየው።